ማን ይመስክርለት? የአብራሪው የኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ሕይወት



ባለፈው የወር ስብሰባ ሳንስማማ የተለያየንበትን ጉዳይ አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ሦስት ልጆቻችን ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ሊሄዱ ነውና ማኅበሩ ስለ ጠባያቸውና ስለ ሥራቸው የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፍላቸው ጠየቁ። ግማሾቻችን ይጻፍ አልን፤ ግማሾቻችን አይሆንም አልን። አይሆንም ያልነው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት የኛን ደብዳቤ ይዛ የሄደች አንዲት ልጅ ከአሠሪዎቿ ቤት ጠፍታ ወጣች ተባለ። ከዚያ ወዲህ የላካት ሰው ከዚህ አካባቢ ሴት አልወስድም ማለቱን ሰማን። አንድ ዓሣ ሲገማ ሁሉም ገማ ይባላል እንደሚባለው፣ የአንዷ ስም የሁላችንም ስም ሆነ። እኛም ከስብሰባው እስክንወጣ ድረስ ደብዳቤው ይቅር ከሚሉት ወገን ነበርን።

ቤታችን ገብተን እንደ ልማዳችን የቁጠባውን መዝገብ ስናመሳክር ግን አንድ ነገር አልለቅ አለን። በመዝገባችን እያንዳንዷ አባል የራሷ ገጽ አላት። የአንዷ ዕዳ በሌላዋ ገጽ ላይ አይጻፍም፤ ተጽፎ ቢገኝ የሒሳብ ስሕተት ነው፣ ይታረማል። ታዲያ በገንዘብ የማናደርገውን በሰው ስም እንዴት እናደርገዋለን?

የምስክርነትን ነገር እኛ የጋይንት ሰዎች ከሌላ መማር አያስፈልገንም ነበር። ቤተ ልሔማችን የድጓ ማስመስከሪያ ናት። የቅዱስ ያሬድን ድጓ በየትኛውም አገር የተማረ ሰው መምህር ሆኖ ወንበር ሊዘረጋ ሲፈልግ ወደዚህ ይመጣል። ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ ያዜማል፣ ይታረማል፣ ሲበቃም ይመሰከርለታል። ያለፈው ዓመት ከዚያው አገር የመጣ ተማሪ ሳይበቃ ቀርቶ ቢሆን እንኳ የዘንድሮው ስለ እሱ ጥፋት አይመለስም። የሚመዘነው የራሱ ዜማ ነው። የሚመሰክርለትም በጆሮው የሰማው መምህር ነው።

ይህን ስናስብ ነው የጆን ሮቢንሰን ሕይወት ትዝ ያለን። ሮቢንሰን ከባሕር ማዶ መጥቶ ለአገራችን የሠራ፣ በአገራችንም የሞተ ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ነው። ከእሱ በፊት ሌላ ጥቁር አብራሪ መጥቶ ስሙን አበላሽቶ ሄዶ ነበር። ሮቢንሰን በዚያ ሰው ምክንያት በሩ ተዘግቶበት ቢሆን ኖሮ አገራችን አንድ ታማኝ ወዳጅ ባጣች ነበር።

ሮቢንሰን የተወለደው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ካራቤል በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። ያደገው ግን በሚሲሲፒ ግዛት፣ በጋልፍፖርት ከተማ ነው። አባቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞቶበት እናቱና እንጀራ አባቱ አሳደጉት። ሕይወቱን የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ በልጅነቱ በዚያ ባሕር ዳር አንድ የባሕር አውሮፕላን ሲያርፍ አይቶ ልቡ በዚያው ቀረ። የባሕር አውሮፕላን ማለት በጎማ ፈንታ ታንኳ የመሰለ ተንሳፋፊ እግር ያለው፣ ከውኃ ተነሥቶ ውኃ ላይ የሚያርፍ ነው። ጣናን ያያችሁ፣ አንድ ታንኳ ክንፍ አውጥታ ስትነሣ ብታስቡት ለአንድ ሕፃን ምን እንደሚመስል ይገባችኋል።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይተው ይኖሩ ነበር። ትምህርት ቤቱ፣ ባቡሩ፣ የውኃ መጠጫው ሳይቀር የተለየ ነበር። ጥቁር ልጅ አብራሪ እሆናለሁ ቢል የሚሰማው አልነበረም። ሮቢንሰን በአላባማ ግዛት በሚገኘው፣ ቡከር ዋሽንግተን በመሠረተው በተስኪጊ ተቋም የመኪና ጥገና ተማረ። ከዚያም ወደ ሰሜን ሄዶ በቺካጎ ከተማ በመካኒክነት ይተዳደር ጀመር። እጁ የተባረከ መካኒክ ነበር፤ የበረራው ሐሳብ ግን አልተወውም።

በቺካጎ ከርቲስ ራይት የሚባል ታዋቂ የበረራ ትምህርት ቤት ነበር። ሮቢንሰን ቢያመለክት በቀለሙ ምክንያት አልተቀበሉትም። በዚህ ጊዜ ያደረገውን እኛ በጣም እናደንቃለን። እዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠረ። መጥረጊያውን ይዞ ክፍሉን እያጸዳ ትምህርቱን ያዳምጥ ነበር። ቀን ጋራዥ ይሠራል፣ ማታ የሰማውን ከጓደኞቹ ጋር ያጠናል። ከነዚህ ጓደኞቹ አንዱ ኮርኔሊየስ ኮፊ የሚባል መካኒክ ነበር። በመጨረሻ ሁለቱም ተማሪ ሆነው ገቡና እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1931 ተመረቁ። ከዚያም አልቀበልም ያላቸው ያ ትምህርት ቤት ራሱ ሌሎች ጥቁር ተማሪዎችን እንዲያስተምሩለት አደረጋቸው።

ቀጥሎ ያለው ታሪክ ለኛ ለማኅበር ሰዎች የቀረበ ነው። ሮቢንሰንና ኮፊ ብቻቸውን መሮጥ አልፈለጉም፤ ከወዳጆቻቸው ጋር ቻሌንጀር የሚባል የአብራሪዎች ማኅበር አቋቋሙ። ለጥቁሮች የሚከፈት የአውሮፕላን ማረፊያ ስላልነበረ፣ ሮቢንስ በምትባል የጥቁሮች መንደር ዛፉን በገዛ እጃቸው መንጥረው፣ መሬቱን ደልድለው ማረፊያ ሠሩ። የአውሮፕላን መጠለያም አቆሙ። በ1933 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ኃይለኛ ነፋስ መጥቶ አፈረሰባቸው። እነሱ ግን ሌላ ቦታ ሄደው እንደገና ጀመሩ።

ማኅበሩ ግን የራሱ አውሮፕላን አልነበረውም። አውሮፕላኑን የገዛችላቸው ጃኔት ሃርመን የምትባል ነርስ ናት። ሆስፒታል እየሠራች ካጠራቀመችው ገንዘብ 600 ዶላር አውጥታ ገዛች፤ አባላቱም በዚያ ተማሩበት። ጃኔት ራሷም አብራሪ ሆነች። በኋላ በአላባማ ለንግድ በረራ ፈቃድ ስትፈተን፣ ፈታኙ ችሎታዋን እያየ በቀለሟ ምክንያት ፈቃዱን ከለከላት። ቺካጎ ተመልሳ በሌላ ፈታኝ ፊት ተፈተነችና አገኘችው። ችሎታዋ ያው ነበር፤ የተለየው መስካሪው ነው። ይህች ሴት ከኢትዮጵያ ጋርም ፍቅሯ ጸንቶ በአሜሪካ ይማሩ ለነበሩ ልጆቻችን እንደ እናት ሆነችላቸው፤ በ1947 ዓ.ም. ገደማም በግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋባዥነት አገራችንን ጎብኝታለች።

አሁን ወደ ሌላው ሰው እንምጣ። ሂዩበርት ጁሊያን በትሪኒዳድ ደሴት ተወልዶ በኒው ዮርክ፣ ሃርለም በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር የኖረ አብራሪ ነው። የሃርለም ጥቁር ንስር ይሉት ነበር። ከአውሮፕላን በጃንጥላ እየዘለለ ሰውን ያስደንቅ ነበር፤ ደፋርነቱን የሚክድ የለም። በ1916 ዓ.ም. አንድ የባሕር አውሮፕላን አገኘና ስሙን ኢትዮጵያ ቀዳማዊት ብሎ ሰየመው። ከሃርለም ተነሥቶ ባሕሩን አቋርጦ አፍሪካ፣ እስከ ኢትዮጵያ ድረስ እበራለሁ ብሎ ከሕዝቡ መዋጮ ሰበሰበ። ልብስ አጣቢዋም፣ ጫማ ጠራጊውም ይሆናል የሰጡት። ቀኑ እየተላለፈ ሲሄድ ገንዘባችን የት ደረሰ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ሰኔ 27 ቀን 1916 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ በወንዙ ዳር ተሰብስቦ ሳለ የባሕር አውሮፕላኑ ተነሣ፤ ደቂቃዎች እንኳ በቅጡ ሳይቆጠሩ አንዱ ተንሳፋፊ እግሩ ተነቅሎ አውሮፕላኑ እዚያው ኒው ዮርክ ባሕር ውስጥ ወደቀ። ጁሊያን በሕይወት ተረፈ። የሰው ገንዘብና እምነት ግን ከአውሮፕላኑ ጋር ሰመጠ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ይኸው ሰው በንጉሠ ነገሥቱ የንግሥ በዓል ላይ ትርኢት እንዲያሳይ አዲስ አበባ ተጠራ። በአገራችን የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ካረፈ ገና ዓመት ከጥቂት ወር ቢሆነው ነው፤ ያ አውሮፕላን ከጅቡቲ ተነሥቶ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር የደረሰው። ጁሊያን መጀመሪያ በጃንጥላ ዘሎ ንጉሠ ነገሥቱን አስደሰተ፤ የኮሎኔልነት ማዕርግም አገኘ። በዓሉ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ሊከበር ጥቂት ሲቀረው ግን በልምምድ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ የሚወዱትን አውሮፕላን አንሥቶ ከሰከሰው። ወዲያው ከአገር እንዲወጣ ተደረገ።

እንግዲህ በአዲስ አበባ ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ሲባል ሰው የሚያስታውሰው ይህን ነበር። ጣሊያን ሊወጋን ሲዘጋጅ፣ በ1927 ዓ.ም. የሮቢንሰን ስም ሲነሣ ከዚያ በፊት የሆነው ሁሉ ከፊቱ ቀድሞት ነበር። በዚያ ጊዜ መላኩ በያን የሚባሉ ኢትዮጵያዊ በአሜሪካ፣ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ይማሩ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ ነበሩ። ሮቢንሰንን አግኝተው ማንነቱን አጠኑ፤ ትምህርቱን፣ ጋራዡን፣ ማኅበሩን፣ ያስተማራቸውን ተማሪዎች አዩ። ካጣሩ በኋላ ለንጉሠ ነገሥቱ መሰከሩለት። ጁሊያን ስላጠፋ ሌላ አይምጣ አላሉም፤ ሁሉም ጥቁር አብራሪ ጥሩ ነው ብለውም በጅምላ አልመሰከሩም። የመሰከሩት ላዩት ሰው ነው።

ሮቢንሰን በ1927 ዓ.ም. ቺካጎን ለቅቆ ወደ አዲስ አበባ መጣ። ተስኪጊ የበረራ ትምህርት እንዲጀምር እሱ ራሱ ሲወተውት የቆየ ሰው ነው፤ በአገሩ የተሻለ ኑሮ ሊያገኝ ይችል ነበር። የኢትዮጵያን መወጋት ግን እንደ ራሱ መወጋት ቆጠረው።

ጁሊያንም በዚያው ሰሞን ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ኖሮ፣ በነሐሴ ወር ሁለቱ በአንድ ሆቴል ውስጥ በጋዜጣ ወሬ ተነሥተው ተደባደቡ። ወሬው አሜሪካ ድረስ ደረሰ። ይህን የምናነሣው ሮቢንሰን መልአክ እንዳልነበረ እንድታውቁ ነው፤ ቁጡ ሰው ነበር። ከጠቡ በኋላ ጁሊያን ከዋና ከተማው እንዲርቅ ተደረገ፤ በጥቂት ወራትም አገሩን ለቅቆ ሄዶ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ክፉ ተናገረ። ሮቢንሰን ግን በሥራው ተመዘነና ኮሎኔል ተብሎ የኢትዮጵያ አየር ኃይል አዛዥ ሆነ።

አየር ኃይል ሲባል የዛሬው እንዳይመስላችሁ። የነበሩት አውሮፕላኖች ከሃያ አምስት አይበልጡም፤ ከነሱም ብዙዎቹ የማይነሡ ነበሩ። የሚበሩትም ለውጊያ የሚሆን መሣሪያ አልነበራቸውም። ጣሊያን በመቶ የሚቆጠር ዘመናዊ የጦር አውሮፕላን አሰልፎ ነበር። አገሬው አብራሪም በጣት የሚቆጠር ነው፤ ከነሱ መካከል እንደ አስፋው ዓሊ ያሉ ቀደምት ነበሩ። በዚያ ዘመን በረራ መማር ከጀመሩት አንዷ ወይዘሮ ሙሉ እመቤት እምሩ እንደ ነበሩ አባሎቻችን እንድታውቁልን እንወዳለን፤ ትምህርታቸውን ያቋረጠባቸው ወረራው ነው።

የሮቢንሰን ሥራ መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው ወደ ጦር ግንባር ማድረስ ነበር። በየተራራው መካከል፣ በደመናው ውስጥ እየተሸሸገ ይበራል። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ዐድዋን በቦምብ ሲደበድብ እሱ እዚያው ዐድዋ ነበር፤ ያየውን ለዓለም ጋዜጦች ተናገረ። የጠላት አውሮፕላኖች ከአንድ ጊዜ በላይ አሳድደውታል፤ ቆስሏል፣ የመርዝ ጋዙም ደርሶበታል። ሆኖም ነገሩ እስኪያበቃ ድረስ መሥራቱን አልተወም። አዲስ አበባ ልትያዝ ስትል ወጣና በግንቦት 1928 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ደረሰ። በኒው ዮርክም በቺካጎም በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጥቶ ተቀበለው። ጋዜጦች ቡናማው ኮንዶር ብለው ሰየሙት፤ ኮንዶር በአሜሪካ ተራሮች የሚኖር ትልቅ አሞራ ነው።

የሚገርመን ይህ ሁሉ ክብር ሲመጣለት ያደረገው ነው። ያገኘውን ስም ለማስተማሪያ አዋለው። በቺካጎ በስሙ የበረራና የመካኒክ ትምህርት ቤት ከፈተ። እሱና ኮፊ የጀመሩት ውትወታ ፍሬ አፍርቶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተስኪጊ የሠለጠኑት ጥቁር የጦር አብራሪዎች በዓለም የታወቁ ሆኑ። ሮቢንሰንን ከአባቶቻቸው እንደ አንዱ የሚቆጥሩት ብዙዎች ናቸው።

አገራችን ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. ሮቢንሰን ጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎችን አስከትሎ ተመልሶ መጣ። በአዲስ አበባ ወጣቶችን በረራና ጥገና ያስተምር ጀመር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታህሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲመሠረትና በመጋቢት 30 የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ፣ አገሪቱ የራሷን አብራሪዎች ለማፍራት ዘሩን ከዘሩት መካከል ሮቢንሰን አንዱ ነበር።

ኋላ ግን ነገር ተበላሸ። ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን የሚባል ስዊድናዊ የአየር ኃይሉን ሥልጠና እንዲመራ ተሾመ። እሱም በወረራው ጊዜ በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኞቻችንን ያመላለሰ የኢትዮጵያ ባለውለታ ነው። ሁለቱ ሊስማሙ አልቻሉም። ተጋጩ፤ ሮቢንሰንም ሥራውን ለቀቀ። ሁለት ባለውለታዎች በአንድ አገር አልተቻቻሉም። ሮቢንሰን ግን አኩርፎ ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ መብረሩንና ማስተማሩን ቀጠለ። በመጋቢት ወር 1946 ዓ.ም. የሚያበረው ትንሽ አውሮፕላን ተከሰከሰ። ለሕክምና የሚሆን ደም ለማድረስ ሲበር ነበር ይባላል። ከቃጠሎው ጋር ሁለት ሳምንት ያህል ታግሎ መጋቢት 18 ቀን አረፈ። ዕድሜው ሃምሳ ገደማ ነበር። የተቀበረውም በአዲስ አበባ ነው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የሁለቱን ሰዎች ገጽ ጎን ለጎን አድርገን ብናመሳክር፣ ጁሊያን ስሙን አስቀድሞ ሰበሰበ፣ ሥራው ግን አልደረሰለትም። ሮቢንሰን በመጥረጊያ ጀመረና ስሙ ከሥራው ኋላ መጣ። የሁለቱም ማዕርግ ኮሎኔል ነው፤ ሁለቱም ጥቁር አብራሪ ነበሩ፤ ሁለቱም ቁጡ ነበሩ። አንዱን በሌላው ዕዳ ያልጠየቀው ግን መላኩ በያን ቁጭ ብለው የሮቢንሰንን ገጽ ለብቻው ስላነበቡት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የኛን ስሕተት እንናዘዝ። ጠፋች ያልናት ልጅ ባለፈው ጾም መግቢያ ወደ ቤቷ ተመልሳለች። ሄደን ጠየቅናት። ስምንት ወር ሠርታ ደመወዟን ተከልክላ እንደ ነበር፣ የወጣችውም ለዚህ እንደ ሆነ ነገረችን። እኛ የሰማነው የደላላውን ወሬ ብቻ ነበር። በሰማነው ግማሽ ወሬ የእሷን ስም አጎደፍን፤ በእሷም ሰበብ ሦስት ልጆችን ልንመልስ ነበር።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይህን ሐሳብ እናቀርባለን። ደብዳቤው ይጻፍ፤ ግን በጅምላ አይጻፍ። ስለ እያንዳንዷ ልጅ የምናውቀው ብቻ ይጻፍ። ስንት ዓመት አብራን እንደ ቆየች፣ ቁጠባዋን በወቅቱ ማስገባቷ፣ ብድሯን መመለሷ፣ የተሰጣትን የማኅበር ሥራ እንዴት እንደ ሠራች ከመዝገቡ ተገልብጦ ይጻፍ። ያላየነውን አንጨምር፤ ያየነውንም አንደብቅ። ከልጆቹ አንዷ ዕቁቡን ሁለት ጊዜ አዘግይታለች፤ እሱም ይጻፍ፣ በኋላ አሟልታ መክፈሏም ይጻፍ። የማንን ደብዳቤ ማን እንደ ፈረመም ይታወቅ። ከሄዱም በኋላ በየሦስት ወሩ የምትደውልላቸው አንዲት አባል ትመደብ፤ ክፉ ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ የልጅቷን ቃል እንስማ።

ይህ ምንም ብር አይጠይቅም። የሚጠይቀው ቁጭ ብሎ ገጹን ማንበብ ነው። ቤተ ልሔም ላይ መምህሩ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ ሰምቶ ይመሰክራል።

ልጆቻችንን በሄዱበት ይጠብቅልን። በሚቀጥለው ስብሰባ በሰላም ያገናኘን።